በውጭ አገር ጽሕፈት ቤቶች ስንት የመንግሥት ሠራተኛ አለ? የማወቅ መብቱና የመጠየቂያው መንገድ

ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከሸዋ ልጆቻቸውን ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ሊባኖስ ወይም ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የላኩ ቤተሰቦች ችግር ሲደርስባቸው ቀድመው የሚያስቡት በዚያ ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ነው። ደመወዟን የተከለከለች፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት ወይም የታሰረች ዜጋም አቤት የምትለው ለዚሁ ጽሕፈት ቤት ነው። ይሁን እንጂ በጽሕፈት ቤቱ ስንት ሠራተኞች እንደተመደቡ፣ ከእነዚህም መካከል የዜጎችን ጉዳይ የሚከታተሉት ስንቱ እንደሆኑ የሚያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ይህ መረጃ የመንግሥት የውስጥ ጉዳይ ነው ወይስ ሕዝብ ሊጠይቀው የሚችል? የአገሪቱ ሕግ በመሠረቱ የሕዝብ መሆኑን ያመለክታል።

ቁጥሩ ለምን ያስፈልጋል?

በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ከቆንስላ ተግባራት መካከል የዜጎችን ጥቅም ማስጠበቅን፣ ፓስፖርትና የጉዞ ሰነድ መስጠትን እንዲሁም ለተቸገሩ ዜጎች ርዳታ ማድረግን ይዘረዝራል። የስምምነቱ አንቀጽ 36 ደግሞ የታሰረ የውጭ አገር ዜጋ ከጠየቀ፣ መታሰሩ ለአገሩ ቆንስላ ሳይዘገይ እንዲነገር ያዝዛል። የቆንስላ ሹሙም እስረኛውን የመጎብኘት መብት አለው።

እነዚህ ተግባራት ሁሉ በሰው ኃይል የሚፈጸሙ ናቸው። እስር ቤት የሚሄድ፣ ከአሠሪ ጋር የሚደራደር፣ የአገሩን ቋንቋ የሚናገርና የጉዞ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ከሌለ ስምምነቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ባለፉት ዓመታት የታዩ ክስተቶች ይህንኑ ያስረዳሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት ስትጀምር ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስና በኮሮና ወረርሽኝ በተመታችበት ወቅት፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እየጣሉ መሄዳቸው በስፋት ተዘግቧል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ጽሕፈት ቤት ምን ያህል ሰው ሊያስተናግድ እንደሚችል የሚወስነው አስቀድሞ የተመደበለት የሠራተኛ ቁጥርና በጀት ነው።

ጉዳዩ ግብር ከፋዩንም ይመለከታል። የሚሲዮኖች ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው በውጭ ምንዛሪ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲናገሩ፣ ኢትዮጵያ ካሏት ኤምባሲዎች ቢያንስ 30 ያህሉ ሊዘጉ እንደሚገባ ገልጸው ነበር። ወጪ መቀነስ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቅነሳው ዜጎች በብዛት በሚኖሩባቸው ከተሞች ያለውን የቆንስላ አገልግሎት ይንካ ወይም አይንካ ለማወቅ፣ በየጽሕፈት ቤቱ ያለው የሠራተኛ ቁጥር ከቅነሳው በፊትና በኋላ መነጻጸር ይኖርበታል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብትን ያረጋግጣል። ይህን መብት በዝርዝር ለማስፈጸም በ2000 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 ወጥቷል። አዋጁ የመንግሥት አካላት ጥያቄ እስኪቀርብላቸው ሳይጠብቁ ስለ ሥልጣንና ተግባራቸው፣ ስለሚሰጡት አገልግሎትና ስለ አቤቱታ አቀራረባቸው መረጃ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ኤምባሲና ቆንስላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ክንፍ በመሆናቸው ከዚህ ግዴታ ውጭ የሚሆኑበት ምክንያት አይኖርም።

እርግጥ ነው፣ አዋጁ ገደቦችም አሉት። የአገር መከላከያና ደኅንነትን፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን እንዲሁም የግለሰቦችን የግል ሕይወት የሚጎዳ መረጃ ሊከለከል ይችላል። የጥበቃ አደረጃጀት፣ የምስጢር መልእክት አላላክ፣ የድርድር አቋም፣ የሠራተኞች መኖሪያ አድራሻና የቤተሰብ ሁኔታ ይፋ ይደረግ ብሎ የሚከራከር የለም። የሥራ መደቦች ቁጥር፣ የሥራው ዓይነት፣ በጀቱና የአገልግሎት ሰዓቱ ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። ስንት የቆንስላ ሠራተኛ አለ ብሎ መጠየቅ የማንንም ምስጢር አያወጣም።

ባዕድ የሚያውቀውን ባለቤቱ ለምን አያውቅም?

«የዲፕሎማቶች ቁጥር ምስጢር ነው» የሚለው ክርክር አንድ ትልቅ ድክመት አለበት። በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 10 መሠረት፣ ላኪው አገር የሚሲዮኑን አባላት ሹመት፣ መድረስና መሰናበት ለተቀባዩ አገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማሳወቅ አለበት። በአንቀጽ 11 መሠረትም ተቀባዩ አገር የሚሲዮኑ መጠን ከተገቢው እንዳይበልጥ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ተቀባዩ መንግሥት ቁጥሩንም ስሙንም ያውቃል።

አንዳንድ አገሮች ከዚህም አልፈው መረጃውን ለሕዝብ ያወጣሉ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዋሽንግተን የተመደቡ የውጭ አገር ዲፕሎማቶችን ስምና ማዕረግ በዝርዝር ያሳትማል። የብሪታንያ መንግሥትም በለንደን ላሉት ተመሳሳይ ዝርዝር ያወጣል። በዚህም የተነሳ በእነዚህ ከተሞች ያሉ የኢትዮጵያ ዲፕሎማቶችን ስም ማንኛውም የውጭ ሰው ማንበብ ይችላል። ባዕድ በግልጽ የሚያነበውን ደመወዝ ከፋዩ ዜጋ እንዳያውቅ መከልከል በደኅንነት ምክንያት ሊደገፍ አይችልም።

የሕንድ ልምድ ከዚህ አንድ እርምጃ ይቀድማል። በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የአገሪቱ የመረጃ መብት ሕግ እያንዳንዱ የመንግሥት አካል የሠራተኞቹን ዝርዝርና ወርኃዊ ክፍያቸውን በራሱ ተነሳሽነት እንዲያወጣ ያዝዛል። የሕንድ ኤምባሲዎችም ይህን መረጃ በድረ ገጾቻቸው ያሰፍራሉ። ሕንድ በባሕረ ሰላጤው አገሮች እጅግ ብዙ ሠራተኛ ዜጎች ያሏት አገር በመሆኗ ልምዷ ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው።

ጥያቄው እንዴት ይቀርባል?

መረጃ ጠያቂው ጥያቄውን የሚያቀርበው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። የዲፕሎማትና የቆንስላ ምደባን በሚመለከት ጥያቄው ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቀርባል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን በሚመለከት ደግሞ ጥያቄው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን ይመለከታል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መጻፍ የማይችል ሰው ጥያቄውን በቃል ማቅረብ ይችላል፤ ኃላፊውም በጽሑፍ የማስፈር ግዴታ አለበት። ስለዚህ የፊደል አለመቁጠር መብቱን አያስቀርም።

ጥያቄው በጠበበ ቁጥር መልስ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። «ስለ ኤምባሲው ሁሉንም ንገሩኝ» ከማለት ይልቅ የሚከተሉትን ነጥሎ መጠየቅ ይበጃል፦

1. በሪያድ ኤምባሲ ወይም በጅዳ ቆንስላ በዚህ ዓመት የተፈቀዱት የሥራ መደቦች ስንት ናቸው? ሰው የተመደበባቸውስ ስንቱ ናቸው?
2. ከእነዚህ ውስጥ የቆንስላ አገልግሎት የሚሰጡት ስንት ናቸው?
3. የሠራተኛ ጉዳይ አታሼ ተመድቧል? የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩ ሠራተኞች ስንት ናቸው?
4. ባለፈው ዓመት ጽሕፈት ቤቱ የተቀበለው የዜጎች አቤቱታ ስንት ነው? እልባት ያገኘውስ?

መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። በክልከላው ያልተስማማ ጠያቂ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። ተቋሙ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ስላለው የአማራ ክልል ነዋሪ ለዚህ ጉዳይ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አይጠበቅበትም። የመጨረሻው አማራጭ ፍርድ ቤት ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት መንገዶች አሉ። የፌዴራል በጀት በየዓመቱ በአዋጅ ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። የፌዴራል ዋና ኦዲተርም የሚኒስቴሮችን ሒሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። መራጮች ጥያቄያቸውን በአካባቢያቸው ተመራጭ በኩል ለምክር ቤቱ ማድረስ ይችላሉ።

መረጃው መገኘቱ ብቻ የታሰረን አያስፈታም፣ የተከለከለ ደመወዝም አያስመልስም። ሆኖም አንድ ወረዳ ልጆቹ በብዛት የሚሠሩበት ከተማ ስንት የቆንስላ ሠራተኛ እንዳለው ካወቀ፣ ተጨማሪ ሠራተኛ ይመደብ የሚለው ጥያቄው በስሞታ ፋንታ በማስረጃ ይደገፋል። ጥያቄ የሚያቀርብ ሁሉ የማመልከቻውን ቅጂና የገባበትን ቀን ይዞ መቆየት ይኖርበታል፤ የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነውና።