ከሞተሩ በፊት ጉድጓዱን መለካት፤ የአንድ መሐንዲስ ቤተሰብ የቅዳሜ ሥራ

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱም ከጠዋቱ 1፡00። ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ በአንድ አርሶ አደር ጓሮ ባለ የእጅ ጉድጓድ አፍ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንዷ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሰዓትና ደብተር ይዛለች። ታናሽ ወንድሟ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበትን፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀይ ክር የተቋጠረበትን ገመድ ቀስ እያለ ወደ ጉድጓዱ ያወርዳል። ሦስተኛው አባታቸው ናቸው፤ የውሃ መሐንዲስ። አያትየው ከዋንዛው ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ “ዛሬም ልትለኩት ነው? ሳምንት ለክታችሁት የለም እንዴ?” ይላሉ። ልጆቹ ይስቃሉ እንጂ መለካታቸውን አያቆሙም።

የዛሬው የግብርና ገጻችን እንግዶች እነዚህ ናቸው። መሐንዲሱ ከ20 ዓመት በላይ በውሃ ሥራ ላይ የቆዩ፣ ምንጭ ሲያጎለብቱና የመስኖ ቦይ ሲነድፉ የኖሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ባለቤታቸው በከተማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናቸው። “ስማችንን ተዉትና ሥራውን ጻፉት፤ ጎረቤት ያውቀናል፣ ያ ይበቃናል” ስላሉን ፍላጎታቸውን አክብረናል።

ቤተሰቡ ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደማንኛውም የከተማ ደመወዝተኛ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ግን ማልደው ተነሥተው፣ ምሳቸውን ቋጥረው፣ በባጃጅና በእግር ወደ አያት ቤት ይሄዳሉ። ይህ ልማድ የተጀመረው በደስታ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት የቤተሰቡ አንድ ሰው በዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ሊሞት ለጥቂት ነው የተረፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሐንዲሱ ከደመወዛቸው ቆጥበው ለአባታቸው በቤንዚን የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዙላቸው። ሐሳቡ ሩብ ሄክታር፣ በአካባቢው አጠራር አንድ ቃዳ፣ መሬት ላይ በበጋ ቀይ ሽንኩርት ለማልማት ነበር። ጉድጓዱ 9 ሜትር ጥልቀት አለው። ችግኙ በተዛወረበት በታኅሣሥ ወር ውሃው ከአፉ 4 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኝ ስለነበር ሞተሩ ያለ ችግር ሳበው። ይሁንና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አየር ብቻ መሳብ ይጀምር ነበር። ያን ጊዜ ይጠፋል፤ ውሃው እስኪመለስ ይጠበቃል፤ እንደገና ይነሣል። አባት “ሞተሩ ደካማ ነው” አሉ። ልጅም “ጭቃ ዘግቶት ይሆናል” ብለው አጠቡት።

“እዚህ ላይ ነው የማፍረው” ይላሉ መሐንዲሱ። “ለሌላ ሰው ጉድጓድ ዲዛይን ስሠራ መጀመሪያ የምጠይቀው ውሃው በሰዓት ምን ያህል ይመለሳል ብዬ ነው። ለአባቴ ግን ሞተር ገዝቼ መጣሁ። የቤት ሥራ ሆነና ሙያዬን ቢሮ ትቼው ወጣሁ።”

የካቲት ሲጋመስ ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ጀመረ፤ ውሃ አብዝቶ የሚፈልግበት ጊዜ ማለት ነው። ውሃው ግን ከ6 ሜትር በላይ ወርዶ ነበርና ሞተሩ ጨርሶ አልስብ አለ። ይህ የሞተሩ ጉድለት አይደለም። ከላይ የተቀመጠ ሞተር ውሃውን ራሱ አይጎትተውም፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያወጣ፣ ከውጭ ያለው የአየር ግፊት ነው ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው። ይህ ግፊት በባሕር ጠረፍ እንኳ በንድፈ ሐሳብ ከ10 ሜትር ጥቂት ብቻ ያልፋል። እንደ ዳንግላ ከባሕር ወለል 2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በተግባር ከ6 ሜትር እምብዛም አያልፍም። የፈረስ ጉልበቱ ትልቅ የሆነ ሞተር ቢገዛም ልክ ያው ነው። ልጅቷ ይህን ለአያቷ ያስረዳቻቸው በረጅም የላስቲክ ቱቦ ከባልዲ ውሃ እንዲስቡ አድርጋ ነው፤ ቱቦው በረዘመ ቁጥር ትንፋሻቸው አጠረ።

ያን ጊዜ ግን ይህን ያስረዳ ሰው አልነበረም። የመሐንዲሱ ታናሽ ወንድም ብዙዎች የሚያደርጉትን አደረገ፤ በጉድጓዱ ግድግዳ መሐል ላይ ሳንቃ ገጥሞ ሞተሩን አወረደና ራሱም ወርዶ አስነሣው። ዕለቱ ለማኅበር ሰው የተሰበሰበበት ቀን ነበርና መምህርቷ እዚያው ነበሩ። “የሞተሩ ድምፅ ከመሬት ውስጥ ሲመጣ ሰማሁ። ሮጬ ሄጄ ስጠራው ‘አቤት’ አላለኝም። ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ መውረዱ ነው ያተረፈው። አንድ ጎረምሳ ልውረድ ብሎ ልብሱን ሲያወልቅ ይዤ ከለከልሁት፤ ከላይ ሆነን ጎተትነው” ሲሉ ያስታውሳሉ። ወጣቱ ራሱን ስቶ ወጣ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶም በማግሥቱ ተሻለው።

የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። እንደ ጉድጓድ ባለ ዝግ ቦታ ውስጥ በደቂቃዎች ሰው ያዝላል፤ ይገድላልም። ለማዳን ተከትሎ የሚወርደውም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ የሚነድ ሞተር ወደ ጉድጓድ አይወርድም። ይህን ደጋግሞ መጻፍ አንባቢን ያሰለቻል ቢባልም፣ በየበጋው ሞተር ይዘው የሚወርዱ ስላሉ እንደገና ጽፈነዋል።

ከዚያ በኋላ ሽንኩርቱ ምን ሆነ? ግማሹ ደረቀ፤ የቀረው እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍሬ ጭብጥ ብሎ ቀረ። መምህርቷ የቤት ወጪ የሚይዙበትን ደብተር አውጥተው የሞተሩን ዋጋ፣ የቤንዚኑን፣ የችግኙንና የቀን ሠራተኛውን ደምረው ለባለቤታቸው አሳዩአቸው። ከሽያጩ የተገኘው ቤንዚኑን እንኳ አልመለሰም ነበር። “ምንም አልተናገርሁትም፤ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ ተውሁት” ይላሉ እየሳቁ።

ገመዱና ሰዓቱ የመጡት በመጋቢት ወር ነው። አሠራሩ ማንኛውም አርሶ አደርና የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሊሠራው የሚችል ነው። በመጀመሪያ ከሌሊት ጀምሮ ያልተነካ ጉድጓድ በጠዋት በገመዱ ይለካል። ከዚያ ውሃው አንድ ሜትር ያህል እስኪወርድ በባልዲ ይቀዳል። ቀጥሎ ማንም ሳይነካው አንድ ሰዓት ይጠበቅና የወጣው ውሃ እንደገና ይለካል። የጉድጓዱ የጎን ስፋት 1 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር 79 ሊትር ገደማ ነው፤ 1 ሜትር ከ20 ከሆነ 113 ሊትር፣ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ ደግሞ 177 ሊትር ይሆናል። የእነርሱ ጉድጓድ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ሲሆን፣ በሰዓት 30 ሳንቲ ሜትር ተመለሰ። ይህም ወደ 340 ሊትር ነው። በ12 ሰዓት ሲሰላ 4 ሺህ ሊትር ይሆናል ማለት ነው።

የሰብሉ ፍላጎት በሌላ በኩል ይሰላል። በበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር ሽንኩርት በቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲታከልበት 6 ሊትር ቢያዝ ይሻላል። 4 ሺህ ሊትር ለ6 ሲካፈል ከ650 ካሬ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የአያትየው ቃዳ ግን 2 ሺህ 500 ካሬ ሜትር ነው። ጉድጓዱ ሊያጠጣ የሚችለው የመሬቱን ሩብ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ከባዱ ሥራ ከዚህ በኋላ የመጣው ነበር፤ ይህን ለአባት መንገር። “የራሴን መሬት ሩቡን ብቻ ትከል ትለኛለህ? ተምረህ የመጣኸው መሬቴን ልታሳንስብኝ ነው?” አሉ። መሐንዲሱ ቁጥሩን ቢያስረዱም አልተቀበሏቸውም። በመጨረሻ ያሳመኗቸው ቁጥሩ ሳይሆን የልጅ ልጃቸው ነበረች። “አባባ፣ አንዲት ላም አራት ጥጃ ታጠባለች?” ብላ ጠየቀቻቸው። አያት ጥቂት ዝም አሉና፣ “እንግዲህ ሩቡን ትከሉት፤ የቀረውን ግን እኔ አውቃለሁ” አሉ። የቀረው አሁን የከብት መኖ ሣርና ጥቂት ጌሾ አለበት።

ሞተሩ ተሸጠ። በምትኩ አንድ የብረታ ብረት ሠራተኛ ወዳጃቸው ጋር ሆነው ገመድ ፓምፕ ሠሩ። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ፣ በየመሐሉ ክብ ክብ ዋሸር የተሰካበት ገመድ ነው፤ እጀታው ሲዞር ዋሸሮቹ ውሃውን ተሸክመው ይወጣሉ። ከ10 ሜትር ጥልቀት በደቂቃ እስከ 40 ሊትር ሊያወጣ ይችላል፤ ቤንዚን አይጠይቅም፣ የመሳብ ልክ የሚባለውም አይመለከተውም። መንኮራኩሩን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጠርዝ አበጁት። የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም፤ ዋሸሩ ለቱቦው ሰፍቶ ገመዱ ተቀርቅሮ ቀረ። ሁለተኛው ጠብቦ ውሃው መንገድ ላይ ወደ ኋላ ፈሰሰ። በየቦታው ተተክለው የቆሙ ገመድ ፓምፖችን ያየ ሰው ምክንያቱን ከዚህ ሊገምት ይችላል፤ ብረቱ ደህና ሆኖ ሳለ የዋሸሩ ልክ ይስታል፣ ወይም ገመዱ ሲበላ የሚቀይር ሰው ይጠፋል። በዚህ ቤት ገመዱን የሚቀይረው የ8ኛ ክፍል ተማሪው ልጅ ነው። ውሃው ከፍ ባለ መደብ ላይ ወደተቀመጠ በርሜል ይገባና በቀጭን ቱቦ ወደ መደቡ ይወርዳል። የጉድጓዱ አፍ በግንብ ከፍ ተደርጎ ክዳን ተሠርቶለታል።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት በጋዎች ሽንኩርቱ ራሱን ይዞ ለገበያ ደርሷል። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ ባይሆንም ከወጪው ይበልጣል።

የከተማው ቤታቸውም ሙከራ አላጣም። 60 ካሬ ሜትር የሚሆነው የቆርቆሮ ጣሪያ አሸንዳ ተሠርቶለት ውሃው ወደ ሮቶ ይገባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ 30 ሚሊ ሜትር የጣለ ዝናብ የሚባክነው ተቀንሶ ከ1 ሺህ 400 ሊትር በላይ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ውጭ ይለቀቃል። የመምህርቷ የጎመንና የቆስጣ መደብ የሚጠጣው ከዚሁ ነው። ባዮ ጋዙ ግን ሥራ ፈቷል። ሲገነባ በቤቱ ብዙ ከብት ነበር፤ አሁን የቀረችው አንዲት ላም ስትሆን እበቷ ለማብሰያ የሚበቃ ጋዝ አይሰጥም። መሐንዲሱ ስለዚህ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ። መምህርቷ ናቸው ወደ ቦታው ወስደው ያሳዩን።

ለወረዳ አመራሮች የሚሉት ነገር ካለ ጠይቀናቸው ነበር። “የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር ሊያለማ ሲነደፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ግድቡ ስንት ውሃ ይይዛል ብሎ ነው የተነሣው። በጓሮ ጉድጓድ ላይ ግን ስንት ሞተር ተሠራጨ ብለን ነው ሪፖርት የምናደርገው፤ እኔም ያደረግሁት ያንኑ ነው” ሲሉ መለሱልን። ልኬቱ መቼ ይሁን ለሚለው ደግሞ፣ “በኅዳር አትለኩ። በኅዳር ጉድጓድ ሁሉ ሀብታም ነው። በመጋቢት ለኩት፤ ሰብሉ የሚጠማው ያን ጊዜ ነው” ይላሉ። ይህ ጸሐፊም የሚስማማበት ነው። የዕቅድ ቅጹ ላይ “የጉድጓድ ብዛት” ከሚለው ጎን “የመጋቢት ውሃ በሰዓት” የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመር ገመድና ሰዓት እንጂ በጀት አይጠይቅም።

ወደ ቅዳሜው ልኬት እንመለስ። ሰዓቱ ሞላ፤ ልጁ ገመዱን አወረደ፣ እህቱም መዘገበች። 24 ሳንቲ ሜትር። አምና በዚሁ ሳምንት 30 ነበር። መሐንዲሱ ደብተሩን ተቀብለው ደጋግመው አዩት። ዘንድሮ አጥር አዋሳኝ የሆኑት ጎረቤት፣ የእነርሱን ሽንኩርት አይተው፣ ከዚህ ጉድጓድ 15 እርምጃ ያህል ርቀት ላይ የራሳቸውን ቆፍረዋል። ሁለቱም ጉድጓዶች የሚጠጡት ከአንድ መሬት ነው።

“እንግዲህ የእርሱንም ለኩለት” አሉ አያትየው ከዱካቸው ሳይነሡ። “እኔ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አነጋግረዋለሁ። ማለዳና ማታ እንካፈላለን ወይም ከላይ ያለውን ዳገት አብረን እርከን እንሠራለን። እምቢ ካለ ግን...” አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ቆሙና ወደ በርሜሉ ሄዱ። ልጁ እጀታውን ማዞር ጀምሮ ነበር።