መጠጥ የገባበትን የቅቤ ብስኩት በቤት ስለ መጋገር



እንግዳ በመጣ ጊዜ ከቡና ወይም ከሻይ ጋር የሚቀርብ ጣፋጭ ነገር በቤት አዘጋጅቶ ማቆየት የባለሙያ ሰው ኩራት ነው። ዛሬ የምንገልጽላችሁ ለመዓዛው ጥቂት መጠጥ ስለሚጨመርበት የቅቤ ብስኩት ነው። ግሪኮች ይህን የመሰለውን ብስኩት ኩራቢዬዴስ ይሉታል፤ በተለይ ለልደት በዓል ይጋግሩታል፤ ኡዞ ወይም ብራንዲ ጨምረው ካበሰሉት በኋላም የደቀቀ ስኳር ይነሰንሱበታል።

በመርካቶ አካባቢ ግን ከቤት የወጣ ብስኩት በባለቤቱ ገበታ ላይ ብቻ አይቀርም። ክርስቲያኑና እስላሙ ግድግዳ ተጋርተው በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ፥ የተጋገረው ሁሉ በሳሕን ተደርጎ ወደ ጎረቤት ይላካል። ስለዚህ የብስኩቱ ሙያ ሁለት ነው፤ አንደኛው ጣዕሙን ማሳመር ነው፤ ሁለተኛው ምን እንደ ገባበት ለሚበላው ሰው አስቀድሞ መንገር ነው። ሁለተኛው ከጎደለ የመጀመሪያው ዋጋ የለውም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ሁሉ በመርካቶ ይገኛል። ይህ ገበያ በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገበት ወቅት የተመሠረተ ነው። ስሙም በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ነጩን የስንዴ ዱቄት ፉርኖ የምንለውም፥ ብስኩት የምንለውም ከዚያው ቋንቋ በመጡ ቃላት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቅቤው እንናገር። ለወጥ የሚወደደው በሳል ቅቤ ለብስኩት አይሆንም፤ ሽታው የመጠጡን መዓዛ ይሸፍነዋል። የሚፈለገው ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ ነው። የአገራችን ቅቤ ከረጋ ወተት የሚናጥ ስለ ሆነ ጥቂት ኮምጠጥ ይላል፤ አሬራና ውሃም ይዞ ይቀራል። በፋብሪካ የሚሠራው ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶ ስብ እንዲኖረውና ውሃው ከ16 በመቶ እንዳይበልጥ በዓለም አቀፍ ደንብ ተወስኗል፤ በኮባ ተጠቅልሎ ከገጠር የሚመጣው ግን መጠኑ እንደ አናጩ ይለያያል። ስለዚህ ቅቤውን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ውስጥ እያሹ፥ ውሃውን እየለዋወጡ፥ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ማጠብ፤ ከዚያም ጨምቆ ማንጠፍጠፍ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ውሃው ዱቄቱን ያጠነክረዋል፤ ብስኩቱም በአፍ ውስጥ መሟሟቱ ቀርቶ እንደ ቂጣ ይሆናል።

ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ በገበያ ላይ እንደሚገኝ የታወቀ ነው። ብዙ ከመግዛት በፊት ጥቂቱን አቅልጦ ማየት ይጠቅማል፤ ዱቄት ወይም ሙዝ የገባበት እንደ ሆነ ከታች ብዙ አተላ ያስቀራል። የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበትን ግን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ከታወቀና ከታመነ ነጋዴ መግዛት ይሻላል።

ቀጥሎ መጠጡ ነው። በብስኩቱ ውስጥ መጠጥ የሚገባው ለስካር ሳይሆን መዓዛን ለመሸከም ነው። የኡዞ ሽታ የሚመጣው ውሃ ከማያሟሟውና አልኮል ከሚያሟሟው ዘይት ነው። ጥርት ያለ ኡዞ ውሃ ሲጨመርበት እንደ ወተት የሚነጣው ዘይቱ ከአልኮሉ ተለይቶ በውሃው ውስጥ ስለሚበተን ነው። በሊጡ ውስጥ ደግሞ ቅቤው ይህን ዘይት ተቀብሎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሁለት ማንኪያ ብቻ ለአርባ ብስኩት ይበቃል። መጠጡ በፋብሪካ የታሸገ፥ ምልክት ያለበት ይሁን። ምንጩ ያልታወቀ አረቄ ሜታኖል የሚባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ መርዝ ዓይንን ያጠፋል፥ ሕይወትንም ይቀጥፋል። እሳት ያጠፋዋል ብሎ መተማመን አይገባም።

መጠኑ እንደሚከተለው ነው፤ የታጠበ ለጋ ቅቤ 250 ግራም፥ የደቀቀ ስኳር 100 ግራም፥ የአንድ እንቁላል አስኳል፥ ኡዞ ወይም ብራንዲ 2 የሾርባ ማንኪያ ማለት 30 ሚሊ ሊትር፥ የፉርኖ ዱቄት 375 ግራም፥ ጨው በጣት ቆንጠር ተደርጎ። ቅቤውንና ስኳሩን እስኪነጡ ድረስ መምታት፤ አስኳሉንና መጠጡን መጨመር፤ በመጨረሻ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ሳያሹ መሰብሰብ ነው። ሊጡን እንደ ዳቦ ማሸት ብስኩቱን ያደነድነዋል። ሊጡ ለግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛ ስፍራ ካረፈ በኋላ በአርባ ድቡልቡል ተከፍሎ፥ በመዳፍ ጠፍጠፍ ተደርጎ፥ በትሪ ላይ ይደረደራል። ጥሬ እንቁላልና ያልፈላ ወተት ቅቤ ስላለበት ሊጡን ለልጆች ማቅመስ አይገባም።

ምድጃ ያለው ሰው በ165 ዲግሪ ሙቀት ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ይጋግረው። ምድጃ የሌለው ደግሞ ድፎ ዳቦ እንደሚጋገረው እሳቱን ከታችና ከላይ ማድረግ ይችላል፤ በወፍራም ብረት ድስት ግርጌ ጠጠር አንጥፎ፥ ትሪውን በጠጠሩ ላይ አስቀምጦ፥ ክዳኑን ገጥሞ፥ ጥቂት ፍም ከክዳኑ በላይ ማድረግ ነው። ሙቀቱን ለመፈተን ጥቂት ዱቄት በትሪው ላይ መበተን ይበቃል፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ወርቅማ ከሆነ ልክ ነው፤ ወዲያው ከጠቆረ ግን ፍሙን መቀነስ ያስፈልጋል። ከሰል የሚነደው በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ጢሱ ሳይታይ ይገድላልና። የመጠጡም ጠርሙስ ከእሳቱ ይራቅ። በምን አለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ የሚሠሩት ዕቃዎች ለብዙ ነገር ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ቀለም የተቀባ ወይም ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ለመጋገሪያ አይሆንም፤ ንጹሕ የአሉሚኒየም ትሪ ይመረጣል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሊጡም ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ከ15ኛው ደቂቃ ጀምሮ መመልከት ይገባል። ጠርዙ ብቻ ወርቅማ ሲሆን ማውጣት ነው፤ ትኩሱ ለስላሳ ቢመስልም ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ብዙ ሰዎች መጠጡ በእሳት ላይ ፈጽሞ ይጠፋል ብለው ያስባሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፥ ከምግብ ጋር ተደባልቆ ለ15 ደቂቃ ከተጋገረ መጠጥ ከአልኮሉ 40 በመቶ ያህሉ ይቀራል፤ 30 ደቂቃ ቢቆይ እንኳ 35 በመቶው አይጠፋም። በእኛ ብስኩት 30 ሚሊ ሊትሩ መጠጥ ኃይሉ 40 በመቶ ቢሆን በውስጡ 12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ይህ ለአርባ ሲከፈል ለአንዱ ብስኩት 0.3 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፤ ከተጋገረ በኋላ በዚያው ስሌት 0.12 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀራል። ይህ ማንንም አያሰክርም። ነገር ግን መጠጥ ሃይማኖቱ ለሚከለክለው ወይም ከመጠጥ ለመራቅ ለወሰነ ሰው ጉዳዩ የብዛትና የማነስ ጉዳይ አይደለም። ሳያውቅ ያበላነው ሰው በኋላ ቢያውቅ የሚቀየመው በብስኩቱ ሳይሆን በእኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳሕናችንን በሙሉ እምነት አይቀበልም።

ደግነቱ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የኡዞን ሽታ የሚሰጠው ዘይት በእንስላል ፍሬም ውስጥ ይገኛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ እንስላል በጥቂቱ ወቅጦ፥ በቀለጠው ቅቤ ውስጥ በዝግታ እሳት 10 ደቂቃ አቆይቶ፥ አጥሎ፥ ቅቤው እስኪረጋ ማቀዝቀዝ ነው። በመጠጡ ፈንታም 1 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት ይጨመራል። ሄል የሚወድም ሰው በዚሁ መንገድ ሊሠራበት ይችላል። እንዲህ የተሠራው ብስኩት መዓዛው ከመጀመሪያው ብዙ አይርቅም፤ መጠጥ ግን በፍጹም የለበትም። ቅቤና እንቁላል ስላለበት በጾም ቀን ለሚጾም ጎረቤት የማይሆን መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

ስለዚህ ሁለቱን ዓይነት የሚጋግር ሰው በሁለት ትሪ ይጋግር፤ በሁለት ልዩ ልዩ ዕቃም ያስቀምጥ፤ መጠጥ ያለበትን በክብ ቅርጽ፥ የሌለበትን በጨረቃ ቅርጽ ቢያደርገው በዓይን ይለያሉ። ሳሕኑን የሚያደርስ ልጅም «ይህ መጠጥ አለበት፤ ይህ የለበትም» ብሎ እንዲናገር ይላክ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላልና፥ ጎረቤትን የሚያቆየው ከጣዕሙ ይልቅ ይህች አንዲት ቃል ናት።