በሕይወት የቀረ የትዳር ጓደኛ በሟች ቤት ላይ ያለው መብት

በከተማ ለሚኖር አብዛኛው ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት የሚበልጥ የውርስ ሀብት እምብዛም የለውም። ከባል ወይም ከሚስት ሞት በኋላ በልጆችና በቀረው ወላጅ መካከል ክርክር ሲነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ቤት ነው። ይህ ጽሑፍ በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ በቤቱ ላይ ምን መብት እንዳለውና ኑዛዜ ያንን መብት እንዴት ሊያሰፋው እንደሚችል ይመለከታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሟች ሳይናዘዝ ሲሞት የሚወርሱትን በዝምድና ደረጃ ዘርዝሯል፤ በቅድሚያ ልጆችና ተወላጆቻቸው፣ እነርሱ ከሌሉ ወላጆች፣ እያለ ይወርዳል። የትዳር ጓደኛ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረች ሚስት በሕግ የባሏ ወራሽ አይደለችም ማለት ነው።

ሚስቲቱን የሚጠብቃት የቤተሰብ ሕጉ ነው። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የተጋቢዎች ሀብት ሁሉ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ በአንዳቸው ስም ብቻ መመዝገቡ ግምቱን አያፈርሰውም። (ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው አንባቢ የአካባቢውን ሕግ ማየት ይኖርበታል።) ስለዚህ ቤቱ የጋራ ከሆነ ግማሹ አስቀድሞም የእርሷ ነው፤ ወደ ውርስ የሚገባው የሟች ግማሽ ብቻ ነው። «ቤቴን ለበኩር ልጄ አውርሻለሁ» የሚል ኑዛዜም ከዚያ ግማሽ አልፎ ሊሄድ አይችልም።

ይሁንና ግማሽ ባለቤትነት ሙሉ መጠለያ አይደለም። አባት ሦስት ልጆች ትቶ ቢሞት እያንዳንዱ ልጅ የቤቱን አንድ ስድስተኛ ይወርሳል፤ ከእነርሱም አንዱ ክፍፍል ሊጠይቅ ይችላል። ቤቱ በዓይነት የማይከፈል ከሆነና ባለድርሻዎቹ ካልተስማሙ መጨረሻው ሽያጭ ነው። ሽያጩ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት ስለማይሸጥ ወራሾች የሚያገኙት የቤቱን ባለቤትነትና የይዞታውን የመጠቀም መብት ነው። የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721/2004) በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት መሬቱን በሊዝ እንዲይዝ ደነገገ። ገዢ ይህን ከዋጋው ላይ ማስላቱ አይቀርም።

ከዚህ የከፋው ቤቱ የሟች የግል ሀብት ሲሆን ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በጋብቻ ጊዜ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ቤት የግል ነው። ከእናቱ በወረሰው ቤት ውስጥ ትዳር የመሠረተ ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት ቤቱ በሙሉ የልጆቹ ይሆናል። የግል ቤት ኪራይ የጋራ ሀብት ስለሆነ ሚስቲቱ ከተጠራቀመው ኪራይ ትካፈላለች፤ ከምትኖርበት ጣሪያ ግን ድርሻ የላትም። በእኔ አመለካከት የውርስ ሕጋችን ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ የጋራ ሀብት ክፍፍል ይበቃል የሚለው መከራከሪያም የጋራ ቤት ለሌላቸው አይሠራም።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ መፍትሔው በኑዛዜ የአላባ መብት መስጠት ነው። ተናዛዡ የቤቱን ባለቤትነት ለልጆቹ፣ በቤቱ የመኖር ወይም የማከራየት መብቱን ግን ለሚስቱ ዕድሜ ልክ ሊተውላት ይችላል። እርሷ ስትሞት አላባው ያበቃል፤ ልጆቹም ቤቱን ሙሉ በሙሉ ይረከባሉ።

እንዲህ ያለው ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በፎርም ጉድለት ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ባልና ሚስት «አንዳችን ለአንዳችን» ብለው በአንድ ሰነድ ላይ የሚያደርጉት ኑዛዜ፣ የቱንም ያህል በፍቅር የተጻፈ ቢሆን፣ ፈራሽ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ያስፈልጋሉ። ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በእጁ የሚጽፈው ደግሞ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፤ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በአዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠም ዋጋ ያጣል።