የቆላ ስም ይዘው የሰጠሙ ሰርጓጆች

ነገሌ ቦረና ከባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀች የቆላ ከተማ ናት። ስሟ ግን በሜዲትራኒያን የባሕር ጦርነት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን መውረሯን ተከትሎ ወደ ባሕር ካወረደቻቸው 17 አነስተኛ ሰርጓጅ መርከቦች አንዷ «ነገሌ» ተብላ ነበርና።

ስሙ ሮም የደረሰው በደም ነው። የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው በ1928 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ከነገሌ ወደ ዶሎ፣ ገናሌና ዳዋ ወደሚገናኙበት ጠረፍ ወረዱ። በወዲያኛው ወገን የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ብረት ለበስ መኪና፣ ካሚዮንና አውሮፕላን አሰልፎ ይጠብቃል። ቆላው ሜዳ ነው፤ ከአውሮፕላን የሚያስጠልል ጥሻ እምብዛም የለውም። ታኅሣሥ 20 መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ሳይቀር በቦምብ ተደበደበ። ጥር 3 የገናሌ ዶርያ ውጊያ ተጀመረ፤ ጥር 11፣ በጥምቀት ዕለት፣ ነገሌ ተያዘች። ግራዚያኒ በዚህ ድል «የነገሌ ማርኪዝ» ተባለ። ራስ ደስታ ወደ ደጋው አፈግፍገው ትግሉን ቀጠሉ፤ በመጨረሻ ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተረሸኑ።

ሰርጓጆቹ የተጠሩት በክፍሉ ቀዳሚ በ«አድዋ» ስም ነው። የ1888ቱ ሽንፈት እንዴት እንደከነከናቸው ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም። አክሱም፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አራዳም፣ አሸንጌና ሽሬ ተከተሉ፤ ከቆላው ደግሞ ነገሌ፣ ደገሃቡርና ዋቢ ሸበሌ። እያንዳንዷ 60 ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ስድስት የቶርፔዶ ቱቦና አንድ ባለ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ ታጥቃለች። የመጀመሪያዋ «ነገሌ» ሥራዋ ሳይጠናቀቅ ለብራዚል ተሸጠች፤ ስሙን የወረሰችው ምትኳ ናት።

ቅኝ ግዛቱን ከባሕር በኩል የመጠበቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ጣሊያን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ከአሥራ ሰባቱ ምፅዋ የነበረችው «መቀሌ» ብቻ ናት። እሷም ከማቀዝቀዣ መሣሪያዋ ያመለጠ ጋዝ መርከበኞቿን መርዞ፣ ሰኔ 8 ቀን 1932 ዓ.ም. ሱዳን ጠረፍ አጠገብ ካለች ደሴት ጋር ተላትማ ቀረች። የተቀሩት በሜዲትራኒያን ሲባዝኑ ኖሩ። እዚያ ሁለቱ ስም አተረፉ፦ «ሽሬ» በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. እስክንድርያ ወደብ አፍ ድረስ ያደረሰቻቸው ጠላቂዎች ሁለት የእንግሊዝ ታላላቅ የጦር መርከቦችን ክፉኛ ጎዱ፤ «አክሱም» ደግሞ ነሐሴ 6 ቀን 1934 ዓ.ም. በአንድ ተኩስ በለቀቀቻቸው ቶርፔዶዎች ሦስት መርከቦችን መታች። ሠሪዎቹ የአገራችንን ስም እንደ ሜዳልያ ደረታቸው ላይ ለጠፉ እንጂ፣ የወረሩትን አገር በነዚህ መርከቦች አልጠበቁም ብል አልተሳሳትኩም።

«ነገሌ» ጥር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ኤጂያን ባሕር ውስጥ ሰጠመች። «ክላን ከሚንግ» የተባለችውን የእንግሊዝ የንግድ መርከብ በቶርፔዶ መትታ ነበር፤ አጃቢው «ግሬይሀውንድ» ተከታትሎ በፈንጂ ደመሰሳት። ከመርከበኞቿ አንድም አልተረፈም። ከተማይቱ በጥምቀት ዕለት ከተያዘች ልክ አምስት ዓመት፣ እንደገናም በጥምቀት ዕለት! ግጥጥሞሽ እንጂ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም። በማግሥቱ ጥር 12 ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ገቡ፤ በየካቲት 11 የደቡብ አፍሪካ ጦር የቦረናዋን ሜጋ ከተማ ያዘ።

ከአሥራ ሰባቱ ጦርነቱን በሕይወት ያለፈችው «አላጌ» ብቻ ናት። ከሰለባዎቿ አንዱ፣ በጠላትነት ተሳስታ የመታችው፣ የራሷ አገር አጥፊ መርከብ «ኡሶዲማሬ» ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እሷም ተፈታትታ ለብረትነት ዋለች።