ክፍት የተተወው መስመር

እናታችሁ ስድስት ዓመት እንጀራ ሸጣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ «ኢየሩሳሌምን ልሳለምበት ነው» ብትላችሁ ምን ትሏት ነበር? እኔ በበኩሌ ያልኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ። «እማዬ፣ የኩሽናው ጣራ እያፈሰሰ?» ነበር ያልኳት። እሷ ግን የመጨረሻው ዕቁብ ደርሷት ስለነበር መልስ እንኳ አልሰጠችኝም። ጉልበቷ ደካማ በመሆኑና በአውሮፕላን ማረፊያው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ስለማትችል አብሬያት እንድሄድ ተወሰነ፤ የእኔን ወጪ ታላቅ ወንድሜ ሸፈነልኝ። ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ለትንሣኤ በዓል ነው።

በጉዞው ዋዜማ ማታ፣ በቅዱሱ ቦታ ጸሎት የሚደረግላቸውን የሟቾች የክርስትና ስም በወረቀት አጻፈችኝ። አባቷን፣ እናቷን፣ አባቴን፣ ከጎረቤትም ያረፉትን አንድ በአንድ ጠራች። በመጨረሻም «አንድ መስመር ክፍት ተዪልኝ» አለች። ሻንጣ ለመዝጋት ተቻኩዬ ስለነበር ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ቤተ ልሔም የሚገኘው የልደት ቤተ ክርስቲያን በር ቁመቱ 1.20 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የጥንቱን ሰፊ በር እንዲህ ያሳነሱት ፈረሰኛ እየጋለበ እንዳይገባ ነው ይባላል። እናቴ ጉልበቷን ይዛ ስታጎነብስ ከኋላዋ የነበሩ አንዲት የባዕድ አገር አሮጊት ወገቧን ደገፉላት፤ በቋንቋ ባይግባቡም ሁለቱም ሳቁ። በዋሻው ወለል ላይ 14 ጫፍ ያለው የብር ኮከብ አለ። ከሁለት ሰዓት በላይ ወረፋ ቆመን የተሳለምነው ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው። በኢየሩሳሌም ወደ ጎልጎታ የሚያወጣውም ደረጃ ቀጥ ያለ ከመሆኑም በላይ በሰው እግር ብዛት አልቆ ያዳልጣል። አዛውንት ይዛችሁ የምትሄዱ ሁሉ የማያንሸራትት ጫማና ምርኩዝ አትርሱ።

እውነቱን ለመናገር እኔ በየቦታው ቅር እያለኝ ነበር የምዞረው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በሥዕል የማውቀው ጎልጎታ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ኮረብታ ነበር፤ ያገኘሁት ግን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከፎቅ ላይ፣ በመብራትና በግፊያ መካከል ነው።

ዮርዳኖስማ ጭራሽ ገረመኝ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ቁልቁል ሲወረድ ጆሮ ይደፈናል፤ ሥፍራው ከባሕር ወለል በታች ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በሽቦ የታጠረ ሜዳ ላይ የፈንጂ ማስጠንቀቂያ ተንጠልጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ በገዳማቱ ዙሪያ የተቀበረው ፈንጂ መነሣት የጀመረው በ2018 ነው። ወንዙም ከላይ ውሃው ለመስኖና ለመጠጥ ስለሚወሰድ ጠቦና ደፍርሶ ይፈሳል፤ ወዲያ ማዶ በሌላ አገር መሬት ላይ የቆሙት ተሳላሚዎች ፊታቸው ይለያል። «ዓባይን ያየ ሰው ይህን ወንዝ አይለውም» አልኩ በልቤ።

እናቴ ግን ነጠላዋን ሰብስባ በደረጃው ወረደችና ውሃው ውስጥ ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ ሦስት ጊዜ ነከረች።

«ሠላሳ ስምንት ቀኑ ነበር» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ማን?»

«የመጀመሪያዬ። ከወንድምሽ በፊት የነበረው። ለአርባው ሁለት ቀን ሲቀረው ትኩሳት ያዘው። ካህን እስኪመጣ አልጠበቀኝም፤ ክርስትና ሳይነሣ ሄደ።» ጥቂት ዝም ብላ «የተማሩት ምን እንደሚሉ አላውቅም። እኔ እናቱ ነኝ» አለች።

ያን ጊዜ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። በቤታችን ስለዚህ ልጅ አንድም ቀን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። እጇን ይዤ ከውሃው አወጣኋት፤ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

ቅዳሜ ወደ ዴር ሡልጣን ወጣን። ይህ የኢትዮጵያውያን ገዳም ያለው በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፣ ከንግሥት ዕሌኒ ጸሎት ቤት በላይ ነው። መነኮሳቱ በጠባብና ዝቅተኛ ጎጆዎች ይኖራሉ፤ ከግብፅ ኮፕቶች ጋር በይዞታው ላይ ባለው የቆየ ክርክር የተነሣ እድሳት ማድረግ ቀላል አይደለም። እናቴ ዙሪያውን ቃኝታ ሳቀች። «እናንተ ስለ ኩሽና ጣራ ትጨቀጭቁኛላችሁ፤ እነዚህ ጣራ ላይ ያድራሉ» አለችኝ።

ወረቀቱን ለአንድ አረጋዊ መነኩሴ ሰጠቻቸው። ስሞቹን እያነበቡ ክፍቱ መስመር ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩአት።

«ስም የለውም፣ አባቴ» አለች።

«የእርስዎ የክርስትና ስም ማን ነው?»

«ወለተ ማርያም።»

ከእኔ እስክሪብቶ ተቀብለው «የወለተ ማርያም ልጅ» ብለው ጻፉ።

አገራችን በተመለስን በሁለተኛው ወር ክረምቱ ገባና ኩሽናው እንደለመደው አፈሰሰ። ባልዲውን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። መስከረም ላይ ከወንድሜ ጋር ዕቁብ ገባን፤ ቆርቆሮው የተለወጠው በጥር ነው።