ኩላሊቱ ተተከለ፤ ከዚያስ በኋላ?

ዲሴምበር 23 ቀን 1954 ዓ. ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሬይና የሥራ ጓደኞቻቸው ሮናልድ ሄሪክ ከተባለው ሰው አንድ ኩላሊት አውጥተው ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉለት። ሊሞት የተቃረበው ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ። ዶክተር መሬይም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከአንድ ዕንቍላል የተገኙ መንትዮች ስለ ነበሩ፣ የሪቻርድ ሰውነት የወንድሙን ኩላሊት እንደ ራሱ ቈጠረው። ለሌላው ሕመምተኛ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በደማችን ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት እንደ ሌሊት ዘበኛ ናቸው፤ የማያውቁትን ሁሉ ጠላት ነው ብለው ይነሡበታል። የመጣው የበሽታ ተሕዋስ ይሁን ወይም እኅት የለገሰችው ኩላሊት ይሁን አይለዩም። ስለዚህ ሐኪሞች የዘበኛውን ኀይል የሚያበርድ መድኃኒት ያዝዛሉ። ከነዚህም አንዱ፣ ከኖርዌይ አፈር በተገኘ ሻጋታ የተሠራው ሳይክሎስፖሪን፣ ከ1978 ጀምሮ ለንቅለ ተከላ ሕመምተኞች መሰጠት ጀመረ። ዛሬ በብዛት የሚታዘዘው ታክሮሊመስ ደግሞ ከጃፓን አፈር ከተገኘ ባክቴርያ የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ዘበኛው እንግዳውን ለምዶ ዝም የሚልበት ጊዜ እምብዛም የለም። ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላም ቢሆን መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይነቃል። ከዚህም የተነሣ ሕመምተኛው ለምሳሌ ጧት በ2 ሰዓትና ማታ በ2 ሰዓት፣ ሳያዛንፍ፣ ዕድሜውን ሙሉ ኪኒኑን መዋጥ አለበት።

ብዙ ሰው፣ «ከሞት አፍ የተመለሰ ሰው ኪኒን ለመዋጥ እንዴት ይሰንፋል?» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ግን ችኩል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ከታዘዘላቸው ሕመምተኞች መካከል እንደ ታዘዙት የሚወስዱት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። የዚህን ያህል ሰው ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም፤ ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

አንደኛው ምክንያት የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ራሱን የታመመ ሰው ኪኒን ሲውጥ ሕመሙ ይቀልለታል፤ ስለዚህ ማንም ሳያስታውሰው ይውጣል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ግን ኪኒኑን ሲውጥ የሚሰማው ጥቅም የለም፤ ጉዳቱን ግን በዐይኑ ያያል። ታክሮሊመስ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ማይኮፌኖሌት ያስቀምጣል፣ ፕሬድኒሶሎን ፊት ያሳብጣል፣ ብጉርም ያወጣል። አንድ ቀን ቢዘነጋ ደግሞ በማግሥቱ ምንም ሳይሆን ይነሣል። ከዚህም የሚማረው የተሳሳተ ትምህርት ነው። ኩላሊቱ መጠቃት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማም፤ ነገሩ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። እግር እስኪያብጥና ሽንት እስኪቀንስ የጠበቀ ሰው ብዙ ዘግይቷል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1972 ባወጣው ሕግ መሠረት የኩላሊታቸው ሥራ ለቆመባቸው ሰዎች ሜዲኬር በተባለው መድን በኩል የሕክምና ወጪ ይከፍላል። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በታች ለሆነና ሌላ የአካል ጉዳት ለሌለባቸው ሰዎች፣ ይህ መድን ንቅለ ተከላው ከተደረገ ከ36 ወር በኋላ ለብዙ ዓመታት ይቋረጥ ነበር። ኪኒኑን መግዛት አቅቶት ኩላሊቱ ሲበላሽበት ግን መንግሥቱ ከኪኒኑ ዋጋ እጅግ የሚበልጠውን የኩላሊት እጥበት ወጪ እንደገና ይከፍል ነበር። ይህን የተገላቢጦሽ አሠራር የሚያርም ሕግ በ2020 መጨረሻ ወጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የወጣቶች ነገር ነው። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የተተከለ ኩላሊት የመበላሸቱ አደጋ ከፍ የሚለው ከ17 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። እስከዚያ ድረስ ኪኒኑን ቈጥራ የምትሰጠው እናት ነበረች። አሁን ልጁ ከቤት ይወጣል፤ ከልጆች ሐኪም ወደ ዐዋቂዎች ሐኪም ይዛወራል። ጓደኞቹን መምሰል በሚፈልግበት ዕድሜ ፊቱ ሲያብጥ፣ ኪኒኑም በሽተኛ መሆኑን በቀን ሁለት ጊዜ ሲያስታውሰው መሸሽ ይጀምራል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምናስተምር ሰዎች ይህ ጠባይ እንግዳ አይሆንብንም።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2015 በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ኩላሊቱን የሰጡትም በሕይወት ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እንዲህ ያለው ስጦታ ታላቅ ፍቅር ነው፤ ሆኖም ሸክም አለበት። ኪኒኑን የዘነጋ ወንድም ኩላሊቷን ለሰጠችው እኅቱ ምን ብሎ ይንገራት? አፍሮ ይደብቃል፤ ከእርሷ የደበቀውንም ከሐኪሙ ይደብቃል። ሐኪሙ በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ማነሱን ሲያይ፣ ምክንያቱን ባለማወቅ መጠኑን ያለ አግባብ ሊጨምር ይችላል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ነው። በጾም ወራትም ኪኒኑን በገዛ ፈቃዱ ወደ ማታ የሚያዛውር ሰው ቢኖር፣ አስቀድሞ ሐኪሙን፣ ከዚያም የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን ያማክር፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣሉና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቍጣ አይጠቅምም፤ ቍጣ የሚያስተምረው መደበቅን ነው። የሚጠቅመው ኪኒኑን ከዕለት ልማድ ጋር ማሰር ነው፤ ለምሳሌ ከጥርስ መፋቂያው አጠገብ ማኖር፣ የሳምንቱን ድርሻ በየቀኑ በተከፋፈለ ሣጥን ማዘጋጀት፣ የስልክን ደወል በሰዓቱ መሙላት። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ የታክሮሊመስ ዐይነትም አለ፤ የሚስማማ መሆኑን ሐኪም ይወስናል። የዘነጋ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት እጥፍ ከመዋጥ ይልቅ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቤተ ሰብም «ዋጥህ ወይ?» ብሎ እንደ መርማሪ ከመጠየቅ፣ «የትኛው ሰዓት ነው የሚያስቸግርህ?» ቢል ይሻላል። ይህን የተጠየቀ ሰው እውነቱን ለመናገር ይደፍራል፤ እውነቱ ከታወቀም ኩላሊቱ ሳይጐዳ መላ ይገኛል።