ትሪስታን ዳ ኩኛ፦ በእኩልነት ውል የተመሠረተች ደሴት

ትሪስታን ዳ ኩኛ በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል፣ ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን 2,800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሕዝብ ከሚኖርባቸው ቦታዎች የቅርብ ጎረቤቷ ከሆነችው ከቅድስት ሄለና ደሴት ደግሞ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በብሪታንያ ሥር የምትተዳደር የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። ስፋቷ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሏ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ የተያዘ በመሆኑ፣ ለመኖሪያና ለእርሻ የተመቸው በሰሜን ምዕራብ ዳርቻዋ ያለው ጠባብ ሜዳ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት መድረሻው መርከብ ብቻ ነው፤ ከኬፕ ታውን የሚነሣውም አየሩ ከቀናው አንድ ሳምንት ያህል ይጓዛል።

ደሴቲቱ ስሟን ያገኘችው በ1506 እ.ኤ.አ. ካያት ፖርቱጋላዊ መርከበኛ ይሁን እንጂ፣ የዛሬው ማኅበረሰብ የተመሠረተው ከ300 ዓመታት በኋላ፣ ያውም ከእርሷ ጋር እምብዛም በማይገናኝ ምክንያት ነው። ናፖሊዮን ቦናፓርት በቅድስት ሄለና በግዞት ሳለ፣ ደጋፊዎቹ ትሪስታንን መንደርደሪያ አድርገው እንዳያስመልጡት የሠጋው የብሪታንያ መንግሥት በ1816 ጦር አሰፈረባት፤ ጦሩ በተከታዩ ዓመት እንዲወጣ ሲታዘዝ፣ ስኮትላንዳዊው አሥር አለቃ ዊልያም ግላስ ከቤተሰቡና ከጥቂት ጓዶቹ ጋር እዚያው ለመቅረት ፈቃድ አገኘ። እነዚህ ሰዎች በ1817 የተፈራረሙት ውል፣ ከብቱና ስንቁ የሁሉም እኩል ንብረት እንዲሆን፣ ትርፉ እኩል እንዲከፈል፣ ከአባላቱም ማንም በሌላው ላይ የበላይ እንዳይሆን ደነገገ። ሰነዱ በመሠረቱ የንግድ ሽርክና ውል ነበር፤ ሆኖም የደሴቲቱን ሥርዓት ለመረዳት ከእርሱ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ውሉ እንዲህ ቢልም፣ ግላስ ራሱ ኋላ ላይ «ገዢው» እየተባለ መጠራቱ አልቀረም።

በ1827 ከቅድስት ሄለና የመጡ ሴቶች፣ በኋላም በመርከብ መሰበር የቀሩ ባሕረኞች ሕዝቡን አበዙት፤ ዛሬ 250 የማይሞሉት ነዋሪዎች የሚጋሩት የቤተሰብ ስም ግን በጣት የሚቆጠር ነው። መሬቱ እስካሁን የጋራ ነው፤ የውጭ ሰው ሊገዛውም ሆነ እንዳሻው ሊሰፍርበት አይችልም። አንድ ቤተሰብ የሚያረባው ከብትና በግ ቁጥርም በደንብ ተወስኗል፤ የዚህም ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ግጦሹ እንዳይራቆት፣ አንዱም ከጎረቤቱ በላይ እንዳይከብር።

ዋናው ሰብል ድንች ነው። ከደሴቲቱ መንደር ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ከነፋስና ከከብት እንዲከለሉ በድንጋይ ካብ የታጠሩት የድንች ማሳዎች የየቤተሰቡ ጓዳ ናቸው ማለት ይቻላል። ገንዘብ ብዙም ባልተለመደበት ዘመን ድንች የመገበያያ ዋጋ ነበረው፤ በ1946 የተዘጋጀ አንድ የቴምብር ንድፍም አንድ የብሪታንያ ፔኒ በአራት ድንች እንደሚመነዘር ያሳይ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከተሰበረ መርከብ ወደ ምድር የወጡ አይጦች ይህን ሰብል ስላጠቁ፣ ነዋሪዎች በቡድን በቡድን ተከፍለው፣ ከውሾቻቸው ጋር የካቡን ድንጋይ እያነሡ አይጥ የሚያድኑበት ዓመታዊ ቀን ተለምዷል። ሥራው እንደ ደቦ፣ ዕለቱም እንደ በዓል ሲሆን፣ አሸናፊው ቡድን የሚለየው በተቆረጠው የአይጥ ጅራት ነው።

በ1961 ከመንደሩ አጠገብ እሳተ ገሞራ በመፈንዳቱ ሕዝቡ በሙሉ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እዚያ ሥራም፣ መኖሪያም፣ ዘመናዊ ኑሮም ቢቀርብለትም፣ ድምፅ ሲሰጥ እጅግ የሚበዛው መመለስን መረጠ፤ አብዛኛውም በ1963 ተመለሰ። ፈሳሹ ቅልጥ አለት የጀልባ መውጫውንና የዓሣ ፋብሪካውን ውጦት ስለነበር አዲስ ወደብ ተሠራ፤ ስሙም ስደተኞቹ በእንግሊዝ በሰፈሩበት ቦታ ስም ካልሾት ተባለ።

የዛሬው ገቢ በአብዛኛው የሚገኘው ከሎብስተር፣ ማለትም ጠንካራ ቅርፊት ካለው ውድ የባሕር እንስሳ ነው። ባሕሩ ለአጥማጅ የሚመች ሆኖ የሚውልባቸው ቀናት ጥቂት ስለሆኑ፣ አየሩ የቀና ዕለት በማለዳ የተንጠለጠለ ብረት ይደወላል፤ ያን ጊዜ አጥማጅ የሆነ ሁሉ፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ጭምር፣ መደበኛ ሥራውን ትቶ ወደ ወደቡ ይወርዳል። ደመወዝና ንግድ በቤተሰቦች መካከል ልዩነት ማምጣታቸው ባይካድም፣ የከብቱ ገደብ አልተነሣም። አስተዳዳሪው ከብሪታንያ ይላካል፤ የሚያማክረው ምክር ቤት አባላት አብዛኞቹ በየሦስት ዓመቱ በነዋሪው የሚመረጡ ሲሆን፣ ከተመራጮቹ ቢያንስ አንዷ ሴት እንድትሆን ደንቡ ያስገድዳል።